«የካንሰር መድኃኒት እናቴ ዓይን ውስጥ ሊወጉ ነው»፦ ስኳር ላሳበጠው ሬቲና የትኛው መርፌ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ቀኝ ዓይኗ ደብዘዝ ሲልባት አስመረመርናት። ሬቲናሽ አብጧል፣ መርፌ ያስፈልግሻል ተባለች። እይታዋ በቀኝ 6/24፣ በግራ 6/6 ነው። የግራውም ትንሽ እብጠት አለው ብለውናል። የመጀመሪያው ሐኪም አቫስቲን ትወጋ አለ። ሌላው አይሊያ ይሻላል፣ ቫቢስሞ የሚባል አዲስም አለ አለን። አቫስቲን የካንሰር መድኃኒት መሆኑን ሳነብ ደነገጥኩ። እሷ ደግሞ ዓይኔን በመርፌ ከምትወጉኝ ጠብታ ወይም መነጽር ስጡኝ ብላለች። አንድ ጊዜ ተወግታ ትድናለች? ሌዘሩስ አይሻልም? ግራ ዓይኗም አብሮ ይወጋ? የትኛውን እንምረጥ?»

ምላሽ፦ ከመነጽሩ ልጀምር። መነጽር ብርሃን ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። የእናትዎ ችግር ግን ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ራሱ ውሃ መቋጠሩ ነው። ውሃ የነካው ወረቀት ላይ ቀለሙ ሲፈስ አይተው ያውቃሉ። ከፊቱ ምን ዓይነት መስታወት ቢደረግ ጽሑፉ አይጠራም። እንዲያውም እብጠቱ እያለ አዲስ መነጽር ባያሠሩ ይሻላል፤ ሲወርድ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። ጠብታም ከዓይን ፊት ተነስቶ እስከ ጀርባው ድረስ በበቂ መጠን አይደርስም። መድኃኒቱ የሚፈለገው ከኋላ ነው። መርፌው የመጣው ለዚህ ነው እንጂ ሐኪሞቹ ቀላሉን መንገድ ዘለውት አይደለም።

እብጠቱ ከየት መጣ? ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይጎዳል። ሬቲና ላይ ያሉት ደግሞ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ናቸው። ግድግዳቸው ይሳሳል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይዘጋሉ። ደም ያጠረው የሬቲና ክፍል ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ማመንጨት ይጀምራል። «ኦክስጅን አነሰኝ፣ አዲስ የደም ሥር ይምጣልኝ» የሚል መልእክት ነው ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ግን ይህ ፕሮቲን ሲበዛ ያሉት የደም ሥሮች የባሰ ማፍሰሳቸው ነው። ፈሳሹ ማኩላ ላይ ሲጠራቀም እይታ ይደበዝዛል። ማኩላ የሬቲናው መሃል ነው። የምናነበውም፣ የሰው ፊት የምንለየውም፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምናስገባውም በእሱ ነው።

ስማቸውን የጠቀሷቸው መርፌዎች ሁሉ ዋና ሥራቸው ያንን ፕሮቲን ይዞ ማሰር ነው። ፕሮቲኑ ሲታሰር ማፍሰሱ ይቀንሳል፣ ሬቲናው ቀስ እያለ ይደርቃል። የተጎዳውን የደም ሥር ግን አይጠግኑትም። ስኳሩንም አያክሙም። መድኃኒቱ በሳምንታት ውስጥ ከዓይን ይወጣል፤ ምክንያቱ ካለ ማፍሰሱ ይመለሳል። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ተወግታ ትድናለች?» ለሚለው መልሴ አይደለም ነው። ይህን አሁኑኑ ማወቅ አለባችሁ። ከመድኃኒት ምርጫው በላይ የብዙ ሰው ዓይን የተበላሸው እዚህ ጋ በተፈጠረ አለመግባባት ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ካንሰሩ እንምጣ። አቫስቲን፣ በመድኃኒት ስሙ ቤቫሲዙማብ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለተሠራጨ የአንጀት ካንሰር ነው። ዕጢም ለማደግ አዲስ የደም ሥር ይፈልጋል፣ የሚጠራውም በዚያው በቪኢጂኤፍ ነው። የዓይን ሐኪሞች ይህን አይተው ወደ ዓይን አመጡት። ሴልን በጅምላ የሚገድል፣ ፀጉር የሚያረግፍ ዓይነት መድኃኒት አይደለም። መጠኑንም ያነጻጽሩት። ለካንሰር በደም ሥር የሚሰጠው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ነው። ዓይን ውስጥ የሚገባው 1.25 ሚሊ ግራም ነው፤ ፈሳሹም 0.05 ሚሊ ሊትር፣ አንዲት ጠብታ ያህል። ደግሞ አይሊያ «ንጹሕ የዓይን መድኃኒት» ነው ብለው እንዳያስቡ። የእሱም ሞለኪውል፣ አፍሊበርሴፕት፣ ለአንጀት ካንሰር በሌላ ስምና በሌላ አዘገጃጀት ተፈቅዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዓይን ሕክምና በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «የካንሰር መድኃኒት» የሚለው ስም ብቻውን የመፍራት ምክንያት አይሆንም።

የአቫስቲን እውነተኛ ሥጋት ሌላ ቦታ ነው ያለው። መድኃኒቱ የሚመጣው ለካንሰር በተዘጋጀ ትልቅ ብልቃጥ ነው። ለዓይን እንዲሆን ከዚያ ብልቃጥ በትንንሽ ሲሪንጅ መከፋፈል አለበት። ይህ ሥራ ከጀርም ነጻ በሆነ ክፍል፣ በሠለጠነ ሰው ካልተሠራ አንድ ስህተት ብዙ ዓይን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ይኸው ደርሷል። ከአንድ ቦታ በተከፋፈለ አቫስቲን 12 ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የአከፋፈሉ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙን ስለ ካንሰር ከመጠየቅ ይልቅ «የት ነው የሚከፋፈለው? ማን ነው የሚያዘጋጀው? በምን ሙቀት ነው የሚቀመጠው?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ንጽጽር። እዚህ ላይ በግምት መናገር አያስፈልግም፤ የተሠራ ጥናት አለ። ፕሮቶኮል ቲ ይባላል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። 660 የስኳር ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው አይሊያ፣ አቫስቲን ወይም ሉሴንቲስ ተወጉ። ሉሴንቲስ፣ ማለትም ራኒቢዙማብ፣ ከአቫስቲን ጋር የአንድ ቤተሰብ መድኃኒት ነው፤ ገና ሲሠራ ለዓይን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ ጥናት መያዝ ያለበት ቁም ነገር መልሱ በታማሚው መነሻ እይታ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

6/12 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት ነው፤ የታችኛው ቁጥር በጨመረ መጠን እይታው የወረደ ነው። ሲጀምሩ ከ6/12 ያልወረደ እይታ የነበራቸው ሰዎች በሦስቱም መድኃኒቶች እኩል ተሻሻሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ በእይታ ሰሌዳው ላይ በአማካይ ወደ 8 ፊደል ጨመሩ። አምስት ፊደል አንድ መስመር ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ውዱ ይሻላል» ማለት ማስረጃ የለውም። በ6/15 ወይም ከዚያ በታች የጀመሩት ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። አይሊያ የተወጉት በአማካይ 19 ፊደል ገደማ ጨመሩ፣ ሉሴንቲስ 14፣ አቫስቲን 12። በአይሊያና በአቫስቲን መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ መስመር በላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ክፍተቱ ጠበብ አለ። አይሊያ ከሉሴንቲስ ጋር ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲያ አስተማማኝ አልነበረም። ከአቫስቲን ግን እንደበለጠ ቀጥሏል። እናትዎ ቀኝ ዓይናቸው 6/24 ነው። ያሉት በሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሐኪም አይሊያ ያለው ከዚህ ተነስቶ ይመስለኛል፤ ልክ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ተሳሳተ? እንደዚያም አይደለም። ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ሌላ ጥናት አወጣ። እይታቸው 6/15 ወይም ከዚያ የወረደ ዓይኖችን ሁለት ቦታ ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ከመጀመሪያው ጀምሮ አይሊያ ወሰደ። ሁለተኛው በአቫስቲን ጀመረ፤ ከ12 ሳምንት በኋላ በተቀመጠለት መለኪያ ካልተሻለው ወደ አይሊያ እንዲዞር ተደረገ። በሁለት ዓመት መጨረሻ እይታቸው ልዩነት አልነበረውም። ይህ በአቫስቲን መጀመር ላለባቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በአቫስቲን ከጀመሩት ዓይኖች 70 በመቶው መንገድ ላይ ወደ አይሊያ ዞረዋል። ጥናቱ «አቫስቲን ይበቃል» አላለም። ያለው «በአቫስቲን ጀምሮ፣ ተከታትሎ፣ ካልሠራ ቶሎ መቀየር አይጎዳም» ነው። ክትትሉና መቀየሩ ከሌሉ ይህ ውጤት የእናትዎ ሊሆን አይችልም። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሰው አቫስቲን ስድስት ሰባት ጊዜ ይወጋል፣ በኦሲቲው (የሬቲናን ውፍረት በብርሃን በሚያነሳው ምርመራ) ሲታይ ሬቲናው እንዳበጠ ነው፣ ማንም «እንቀይር» አይለውም።

ቫቢስሞ፣ ማለትም ፋሪሲማብ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከቪኢጂኤፍ በተጨማሪ አንጂዮፖይቲን 2 የተባለውን፣ የደም ሥር ግድግዳን የሚያላላ ሌላ ፕሮቲንም ያስራል። ከአይሊያ ጋር ተወዳድሮ እይታን በማሻሻል እኩል ነው የወጣው፤ አልበለጠም። ያመጣው ጥቅም ጊዜ ነው። በእነዚያ ጥናቶች እንደ ፍላጎታቸው እየተራዘመላቸው ከተወጉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በአንደኛው ዓመት መጨረሻ በ16 ሳምንት አንዴ ብቻ መወጋት በቅቷቸዋል። አይሊያም በበኩሉ መጠኑ ከ2 ወደ 8 ሚሊ ግራም ከፍ ያለ ዝግጅት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ተፈቅዷል፣ ዓላማውም ይኸው ርቀቱን ማስረዘም ነው። ቢኦቩ የሚባል ሌላም አለ። እሱን ግን በመጀመሪያ ምርጫነት አልመክርም። አንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን ውስጥ ብግነት፣ አልፎ አልፎም የሬቲና ደም ሥር መዘጋት አስከትሏል። ሌላ አማራጭ እያለ ያንን ሥጋት መውሰድ አያስፈልግም።

ብግነትን የሚያበርደው ስቴሮይድ ለብቻው መነሳት አለበት፤ በሌላ በር ነው የሚገባው። የሬቲና እብጠት ከቪኢጂኤፍ ብቻ አይመጣም፣ ብግነትም አለበት። በተለይ የቆየ እብጠት ላይ የብግነቱ ድርሻ ከፍ ይላል። ኦዙርዴክስ የምትባል ትንሽ ዘንግ መሰል እንክብል ዓይን ውስጥ ተቀምጣ ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ ቀስ በቀስ ትለቃለች። ለሦስት አራት ወር ትሠራለች። ኢሉቪየን የሚባለው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት። ቶሎ ቶሎ መመላለስ ለማይችል፣ በሌሎቹ መርፌዎች ላልደረቀ፣ ወይም በቅርቡ ስትሮክ ላጋጠመው ሰው ጥሩ አማራጭ ናቸው። ዋጋቸው ግን በዓይኑ ላይ ይከፈላል። የዓይን ግፊት ይጨምራሉ፣ ሞራንም ያፋጥናሉ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶለት ሌንስ የገባለት ሰው ሁለተኛውን አይፈራም። እናትዎ ሞራ ካልተሠሩ ወይም ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ካለባቸው በዚህ አይጀመርም።

«ሌዘርስ አይሻልም?» ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ትልቅ ጥናት ተደግፎ ለዓመታት ዋናው ሕክምና ሌዘር ነበር። እይታ ይበልጥ እንዳይወርድ ይከላከላል። የወረደውን ግን እምብዛም አይመልስም። መርፌዎቹ ቦታውን የወሰዱት ለዚህ ነው። ዛሬ ማኩላ ላይ ሌዘር የምንጠቀመው የሚያፈስሰው ነጥብ ከመሃል ራቅ ሲል፣ ወይም ለወራት ተወግቶ አልደርቅ ሲል ለማገዝ ነው። ሌላ ዓይነት ሌዘርም እንዳለ ይወቁ። በሬቲናው ዳርና ዳር የሚተኮስ ነው፣ ሥራውም አዲስ የሚበቅሉትን አደገኛ የደም ሥሮች ማክሰም ነው። እሱ ለእብጠቱ አይደለም። አንድ ቀን ሐኪሙ ያንን ካዘዘ «መርፌ እየተወጋን ለምን ሌዘር?» ብላችሁ አትተዉት። በተለይ መመላለስ ለሚያስቸግረው ሰው ያ ሌዘር ዓይን ያድናል። እነዚያ አዲስ የደም ሥሮች ባሉበት ዓይን በመርፌ ብቻ ተይዞ ክትትሉ ለወራት ከተቋረጠ ሬቲናው ተጎትቶ ሊላቀቅ ይችላል።

አሁን ቃል ወደገባሁት ልመለስ። ስንት መርፌ? በፕሮቶኮል ቲ በመጀመሪያው ዓመት የአብዛኛው ሰው ቁጥር ከ9 እስከ 10 ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ 5 ወይም 6 ወረደ። ከዚያ በኋላ ለብዙዎች እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጭራሽ የሚያቆሙም አሉ። ስለዚህ ሸክሙ ያለው በመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ጅምሩ ላይ በየወሩ ይወጋል፣ ቢያንስ ለአራት አምስት ወር። ከዚያ ኦሲቲው እየታየ ርቀቱ ይሰፋል። በየጊዜው የማየው ግን ሌላ ነው። ሁለት መርፌ ይወጋል፣ ፊደሉ ይጠራል፣ «ዳንኩ» ተብሎ ይቀራል። ከስምንት ወይም ከአሥር ወር በኋላ ሲመለስ ዓይኑ ከጀመረበት የባሰ ሆኖ ነው። ያኔ የጠፋውን ሁሉ መመለስ አይቻልም፤ ለረጅም ጊዜ ውሃ ቋጥሮ የቆየ ሬቲና ሴሎቹ ይሞታሉ። ይህን የምነግርዎ ለማስፈራራት አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ በአቫስቲን በሰዓቱ የተወጋ ዓይን፣ ሁለት ጊዜ አይሊያ ተወግቶ ከቀረ ዓይን በብዙ ይሻላል። በዚህ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለኝም።

ግራ ዓይናቸው አሁን አይወጋ። እይታው 6/6 ሆኖ እብጠት ያለበት ዓይን ምን ይደረግ የሚለውም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት እይታቸው ከ6/7.5 ያልወረደ 702 ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ወዲያው አይሊያ ተወጋ፣ ሌላው ሌዘር ተደረገለት፣ ሦስተኛው ተጠበቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ እይታ የቀነሰባቸው ሰዎች ብዛት በሦስቱም ተመሳሳይ ነበር። ከተጠበቁት ውስጥ ሲሦ ያህሉ ግን በመካከል እይታቸው ስለወረደ መርፌ ጀምረዋል። መጠበቅ ማለት መተው አይደለም። ቀኝ ዓይናቸው በየወሩ ሲታይ ግራውም አብሮ ይለካ፣ ኦሲቲም ይነሳ። አንድ ሁለት መስመር ከወረደ ያኔ ይጀመራል።

ስለ ፍርሃታቸው። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል ማንም ይፈራል። የሚሆነውን ቀድመው ይንገሯቸው፤ ካወቁት ግማሹ ፍርሃት ይቀላል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ዓይንና ሽፋሽፍቱ ጀርም በሚገድል ፖቪዶን አዮዲን ይታጠባል። ዓይን እንዳይከደን ትንሽ መያዣ ይደረግና «ወደ ላይ ይመልከቱ» ይባላሉ። መርፌው ከጥቁሩ ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ በነጩ በኩል ይገባል፤ ፊት ለፊት ሲመጣ አይታይም። ጫን የማለት ስሜት አለው። ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ማታ የሚያቃጥላቸው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲኑ ነው እንጂ የመርፌው ቁስል አይደለም። ነጩ ላይ ደማቅ ቀይ ሊወጣ ይችላል። ሲያዩት ያስደነግጣል፣ ግን ቆዳ ላይ እንደሚወጣ ሰንበር ነው፤ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ትንንሽ ጥቁር ክብ ነገሮች ለአንድ ሁለት ቀን ቢንሳፈፉባቸው አየር ነው።

የማይጠበቅበት ግን አለ። ከተወጉ በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ቅላቱ ከበዛ፣ ብርሃን ዓይናቸውን ካሳመማቸው፣ እይታቸው ከወረደ፣ ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪሙ ይውሰዷቸው። ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በቤት ባለ ጠብታ አይሞክሩ። ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ሺህ መርፌዎች ሲቆጠር ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ መርፌ አንዴ ገደማ የሚያጋጥም ነው፤ ነገር ግን ሰዓታት ይቆጠራሉ። እንደ መብረቅ ብልጭ የሚል ነገር ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላም እንደዚያው አስቸኳይ ነው። ከመወጋታቸው በፊት ደግሞ የዓይን ቆብ ቁስል ወይም ከዓይን የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ይናገሩ፤ መርፌው ይዘገያል። ባለፉት ወራት ስትሮክ ወይም ሃርት አታክ ከነበረም የግድ ይነገር። ከመርፌው ወደ ደም የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሐኪሙ ማመዛዘን አለበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በራሳቸው እንዳያቆሙ፤ ለዚህ መርፌ ብሎ ማቆም በአብዛኛው አያስፈልግም። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች፦ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ እነዚህ መርፌዎች ከመጀመራቸው በፊት ይናገሩ።

ስኳሩንም ሳልነካ ማለፍ አልችልም። መርፌው ለጎርፉ ነው፣ ቧንቧው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሦስት ወር የስኳር ልኬታቸው ስንት ነው? የደም ግፊታቸውስ? ኩላሊታቸው ታይቷል? ሁለቱም ዓይን አብጦ እግርም የሚያብጥ ከሆነ ኩላሊትና ልብ መመርመር አለባቸው። ፒዮግሊታዞን የሚባል የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለስኳር ሐኪማቸው ያሳውቁ፤ ሰውነት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ የዓይኑንም እብጠት ሊያብስ ይችላል። በራሳቸው ግን አያቁሙት። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በጥቂት ሳምንት በአንዴ ሲወርድም ሬቲናው ለጊዜው ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ የዓይንና የስኳር ሐኪሞቹ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው ይወቀው።

ከመርፌው ምን ይጠበቅ? ከላይ የጠቀስኩት 19 ፊደል አማካይ ነው። አማካይ ማለት ከዚያ የበለጠ ያገኘም ምንም ያላገኘም አለ ማለት ነው። የማኩላው የደም ሥሮች ከተዘጉ ሬቲናው ቢደርቅም እይታው ላይመለስ ይችላል። ሬቲናው ላይ ቀጭን ሽፋን አብቅሎ የሚጎትት ከሆነም መርፌ ብቻውን አይፈታውም፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱንም በኦሲቲና በሬቲና የደም ሥር ምርመራ ቀድሞ ማየት ይቻላል። ሐኪሙ እነዚህን ሁለት ነገሮች አይቷቸው እንደሆነ ይጠይቁ።

ምክሬ ይኸውና። ቀኝ ዓይናቸው ይወጋ፣ ወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ። 6/24 ስለሆኑ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሊያ ወይም ቫቢስሞ ነው። ከሁለቱ የትኛው ካሉኝ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ የምታገኙትን ምረጡ። መመላለሱ የሚከብዳችሁ ከሆነ ቫቢስሞ ይመቻል። ከሁለቱ አንዱንም በተከታታይ ማግኘት ካልቻላችሁ ወይም አቅማችሁ የሚበቃው ለሁለት የአይሊያ ወይም የቫቢስሞ መርፌ ብቻ ከሆነ በአቫስቲን ጀምሩ፣ አከፋፈሉ አስተማማኝ የሆነበት ቦታ። «የተሻለው እስኪገኝ» ብላችሁ ዓይኑን አታስቀምጡት። በአቫስቲን ከጀመራችሁ ግን ዛሬውኑ ከሐኪሙ ጋር ተስማሙ፦ በየወሩ ሦስት ጊዜ ተወግተው በአራተኛው ወር ኦሲቲው ካልደረቀና እይታቸው ካልተመለሰ ይቀየራል። ይህ በካርዳቸው ላይ ይጻፍ። አሁን ሌዘር አያስፈልግም። ግራው ይጠበቅ።

ዛሬ የተነሳውን የመጀመሪያውን ኦሲቲ ደግሞ ቅጂውን ጠይቃችሁ ቤት አስቀምጡት። ሐኪም ብትቀይሩ እንኳ ከአራት ወር በኋላ መድኃኒቱ ሠርቷል አልሠራም የሚለው የሚፈረደው አዲሱን ከእሱ ጋር ጎን ለጎን በማየት ነው።